አንዱ ልጄ ሆስፒታል፣ አንዷ ልጄ ቤት፦ እናንተ እንዴት ሰነበታችሁ?

የሁለት_እናት (ሰኞ፣ ሌሊት 8፡40)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ወተት እያለብኩ ነው። በአንድ እጅ ስለሆነ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ።

ወንድ ልጄ በ29 ሳምንቱ ተወለደ። 1,120 ግራም። ዛሬ 12ኛ ቀኑ ነው። መጀመሪያ ወደ 1,010 ወርዶ ነበር፤ አሁን 1,090 ደርሷል። አፍንጫው ላይ ሲፓፕ (አየር በግፊት የሚሰጥ የትንፋሽ መርጃ) አለ፣ ወተቱን በቱቦ ይወስዳል። ሐኪሞቹ «ለዕድሜው ደህና ነው» ይላሉ። «ለዕድሜው» የምትለዋን ቃል ጠላኋት።

የምጠይቃችሁ ግን ስለ እሱ አይደለም፣ ስለ ቤቱ ነው። የ5 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ከእናቴ ጋር ናት። ጠዋት ሳትነሳ እወጣለሁ፣ ማታ ከተኛች በኋላ እገባለሁ። ትናንት ለእናቴ «ሕፃኑ የውሸት ነው አይደል?» አለቻት። ሆዴን አይታዋለች፣ ሆዴ ጠፋ፣ ሕፃን ግን አላየችም። ምን አጠፋች?

ባሌ ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። እጁን ይታጠባል፣ ይገባል፣ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። ልጁን አይነካውም። ዓይኑ ሞኒተሩ ላይ ነው። ከትናንት ወዲያ ኮሪደር ላይ ተጣላን። «ትልቋን ረስተሻታል» አለኝ። «አንተስ ትንሹን መች ነካኸው?» አልኩት። ጥበቃው ሁሉ ሰምቶናል። ከዚያ ወዲህ የምናወራው ስለ ግራም ብቻ ነው።

ማን የት ይሁን? እኔ ሆስፒታል ስሆን ልቤ ቤት ነው፣ ቤት ስገባ ልቤ ሆስፒታል።


የ27_ሳምንት_እናት (ሌሊት 9፡15)

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ይህን ብዙ ሰው እንዳላለሽ እገምታለሁ። እኔንም አላሉኝም። ሰው «እንኳን ደስ ያለሽ» ይበል «አይዞሽ» ይበል ግራ ይገባውና ዝም ይላል።

የእኔ አሁን 3 ዓመቱ ነው። ይሄ ሰዓት ግን እስከ ዛሬ ያነቃኛል።

የመጀመሪያዎቹን 3 ሳምንታት ልክ እንዳንቺ ከማለዳ እስከ ሌሊት ወንበር ላይ ነበርኩ። ከተነሳሁ አንድ ነገር የሚሆንብኝ ይመስለኝ ነበር። በ22ኛው ቀን ኮሪደር ላይ ወደቅኩ። መቼ እንደበላሁ ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ። ወተቴም በግማሽ ቀነሰ።

ያን ቀን አንዲት ሲስተር ወረቀት አወጣችና እንዲህ አለችኝ፦ «ልጅሽ በየ3 ሰዓቱ ይመገባል። ዳይፐር የምንቀይረውም፣ ሙቀት የምንለካውም በዚያው ሰዓት ነው። በመሃል መተኛት አለበት፤ የሚያድገው ተኝቶ ነው። በቀን 8 ዙር አለ። የአንቺ የትኞቹ ናቸው?» ቤቴን ያተረፈልኝ ይሄ ጥያቄ ነው። ሁለት የቀን ዙር እኔ ወሰድኩ፣ የማታውን ባሌ። ሌላው የነርሶቹ ሆነ። ቤት ስሆን «የእኔ ዙር አይደለም» እላለሁ። መጀመሪያ አላመንኩትም። በሳምንቱ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ወተቱ ላይ ግን ቀልድ የለም። በ24 ሰዓት 8 ጊዜ ያህል፣ ቢያንስ አንዱ ሌሊት። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች አንጀታቸው ስስ ነው፤ የእናት ወተት ከከባዱ የአንጀት ሕመም በጣም ይከላከልላቸዋል። ደግነቱ ማለብ የትም ሆኖ ይቻላል። ልጅሽ አጠገብ ተቀምጠሽ ብታልቢ ለሁለቱም ደረስሽ ማለት ነው። ባሌ «ፋብሪካው ሁለተኛ ፈረቃ ገባ» ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ተናደድኩበት፣ ኋላ እኔም ማለት ጀመርኩ።


ዝምተኛው_አባት (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30)

ስለ ግድግዳው እኔ ልናገር። ያ ግድግዳ የእኔም ነበር።

ልጄ 980 ግራም ነበረች። እኔ ብረት በያጅ ነኝ፣ እጄ ሸካራ ነው። መዳፌ ከጀርባዋ ይሰፋል። ብነካት የምትቀደድ መሰለኝ። ስለዚህ የደሟን ኦክስጅን የሚያሳየውን ስክሪን አያለሁ። 94፣ 93፣ 91፣ 88። 88 ሲል ልቤ ቀጥ ይላል፣ 93 ሲል ይመለሳል። ቤት ገብቼ ዓይኔን ስጨፍን ቁጥሩ ይታየኛል። ሚስቴ «ግን ትወዳታለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እስቲ አስቡት።

አንድ ማታ ነርሷ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረችና «ማሽኑን እኔ አይልሃለሁ። አንተ ልጅህን እያት። የከንፈሯን ቀለም እይ፣ ደረቷን እይ» አለችኝ። ከዚያ አያያዙን አሳየችኝ። መደባበስ የለም፤ ቆዳዋ ገና ስስ ነው፣ መደባበስ ይረብሻታል። እጅህን ታሞቃለህ። አንዱን መዳፍ ጭንቅላቷ ላይ፣ አንዱን የታጠፉት እግሮቿ ላይ ታሳርፋለህ። ከዚያ አትንቀሳቀስ። በቃ።

ዝም ማለትና አለመንቀሳቀስ እኔ ከምችላቸው ነገሮች አንደኛው ነው። 20 ደቂቃ ያህል ያዝኳት። እጄን ሳነሳ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ብየዳ እንኳ እንዲያ አላላበኝም።

እህቴ፣ ባልሽን «ለምን አትነካውም?» አትበይው። «ዳይፐሩን ዛሬ አንተ ቀይር» በይው። ሥራ ስጪው። ዳይፐሩ የመሐረብ ግማሽ ናት፤ ሲያያት ራሱ ይስቃል።


ቆራጥ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡05)

ስሜት በስሜት ሆናችኋል። ልጁን የሚያድነው ማሽኑና ሐኪሙ ነው፣ ወንበር ላይ ብትቀመጡም ባትቀመጡም። አባትየው ሥራውን ይሥራ። እናትየዋ ትተኛ። ትልቋ እናቷን ታግኝ። ሕፃኑ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም።


የሌሊት_ተረኛ (ማክሰኞ፣ ቀን 10፡20)

በጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕሙማን ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ወንድሜ ቆራጥ፣ «ትተኛ» ያልከው ልክ ነው። ሌላው ልክ አይደለም።

ሕፃኑ የት እንዳለ ላያውቅ ይችላል። ማን ደረት ላይ እንዳለ ግን ያውቃል። የእናቱን ድምፅ ገና ማኅፀን ውስጥ ሰምቶታል።

ደግሞ ይሄ ነገር የመጣው ከስሜት አይደለም፣ ከእጦት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ በአንድ የወሊድ ሆስፒታል ኢንኩቤተር (የሕፃናት ማሞቂያ ሳጥን) አጠረ። ሕፃናት በአንድ ሳጥን ተደራርበው ይተኙ ነበር፣ ኢንፌክሽኑም አብሮ። ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሕፃናቱን እናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ፣ ማሳቀፍ ጀመረ። ካንጋሮ የምንለው ይሄ ነው። በዓመቱ ደግሞ ታሊን፣ ኢስቶኒያ ውስጥ ዶክተር አዲክ ሌቪን ነርስ ሲያጣ እናቶችን ክፍሉ ውስጥ አስገብቶ እንክብካቤውን ለእነሱ ሰጠ። ማሽን ያጣና ሠራተኛ ያጣ ሰው ያገኙት መልስ አንድ ሆነ፦ ወላጅ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት አለ፤ በጋና፣ በህንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተደረገ። ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ ገደማ ከሚመዝኑ ሕፃናት መካከል፣ እንደተወለዱ ካንጋሮ የተጀመረላቸው እስኪረጋጉ ከተጠበቁት ይልቅ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የመሞት ዕድላቸው በ25 በመቶ ቀንሷል። በቀጣዩ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ምክሩን ለወጠ፦ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት፣ ከወሊድ ጀምሮ። በራሱ መተንፈስ ያልቻለ ወይም የመተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ ሕፃን ይቆያል። ሲፓፕ ግን አይከለክልም። አባትም ይችላል። አንቺ ስትደክሚ ደረቱ እዚያ ግድግዳ ሥር ቆሟል።

ስለ ማሽኑ ጩኸትም ልንገራችሁ፣ ወላጅን የሚያሳብደው እሱ ነው። አንጎላቸው ውስጥ ትንፋሽን የሚያዘው ክፍል ገና አልበሰለም። አንዳንዴ መተንፈስ ይረሳሉ። 20 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከቆየ እንመዘግበዋለን። እግሩን ነካ ስታደርጊው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ለዚህ የምንሰጠው መድኃኒት ካፌይን ነው፤ አዎ፣ ቡና ውስጥ ያለው ራሱ። በእኔ ፈረቃ ከሚጮኸው አብዛኛው ግን የላላ ሽቦ ነው። ስለዚህ ሲጮህ መጀመሪያ የእኛን ፊት እዩ። እኛ ካልሮጥን እናንተም አትሩጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። በር ላይ ሲጠይቋችሁ «ልጠይቅ መጣሁ» አትበሉ። ጠያቂ አይደላችሁም። ወላጅ ናችሁ። በየሆስፒታሉ ደንቡ ይለያያል፣ አውቃለሁ፤ አንዳንዱ ጋ ሰዓት ይገደባል። ቢሆንም ጠይቁ። የጠየቀ ወላጅ ካልጠየቀው የተሻለ እንደሚያገኝ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቅር ቢለኝም።


የሁለት_እናት (ረቡዕ፣ ሌሊት 7፡50)

ዳይፐሩን ቀየረ! በዚህ ሰዓት የምጽፈው ይህን ለመናገር ነው። ገልብጦ አሰረው። ነርሷ ምንም ሳትል ፈታችና «እንደገና» አለችው። ሁለተኛው ተሳካ። ሲወጣ «እግሩ እኮ የእኔ ጣት ታህላለች» አለኝ። በ14 ቀን ውስጥ ከግራም ሌላ ያወራነው የመጀመሪያው ነገር ነው።

ዙሮቹንም ከፋፈልን። የ3 ሰዓቱና የ6 ሰዓቱ የእኔ፣ የማታው የእሱ።

የቀረችኝ ልጄ ናት። ትናንሽ ልጆች ለጥየቃ ክፍሉ ውስጥ አይገቡም። ምን ልበላት? እናቴ «ምንም አትንገሯት፣ ልጅ ናት፣ ትረሳለች» ትላለች። ደግነቱ ጸጥ ብላለች፣ አታስቸግርም።


ታላቅ_እህት_ነበርኩ (ረቡዕ፣ ቀን 7፡00)

እኔ ወላጅ አይደለሁም፤ ይህን ውይይት ሳየው ግን ማለፍ አልቻልኩም። «ጸጥ ብላለች» ያልሽው ነው ያስቆመኝ።

ታናሽ ወንድሜ በ30 ሳምንቱ ሲወለድ 6 ዓመቴ ነበር። ከዚያ ሳምንት በፊት ተናድጄ «ወንድም አልፈልግም፣ ይመለስ» ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ ሌሊት እናቴን ይዘዋት ሄዱ። እኔ ነኝ ያደረግኩት ብዬ አመንኩ። ለማንም አልተናገርኩም። በጣም ጨዋ ልጅ ሆንኩ። ጎረቤት ሁሉ «እንዴት ያለች ብልህ ናት፣ ምንም አታስቸግር» ይላል። ለእናቴ የነገርኳት 19 ዓመት ሲሞላኝ ነው። ሰሃን እያጠበች ነበር፣ ውኃውን ሳትዘጋ መጥታ አቀፈችኝ።

ስለዚህ ንገሯት። ሳትጠይቅ ንገሯት፦ ቶሎ የወጣው ማንም ስላጠፋ አይደለም፣ እሷ የተናገረችው ወይም ያሰበችው ነገር አይደለም። ቱቦውን በፎቶ አሳዪያት፣ «በዚህ ወተት ይገባል፣ በዚህ አየር ይገባል» በያት። ልጅ ከቱቦ ይልቅ ያላየውን ነገር ነው የሚፈራው። አሻንጉሊት ካላት በክር ቱቦ ሥሩላት፤ ስትጫወት የገባትንና ያልገባትን ትሰሚያለሽ።

የሳለችው ሥዕል ኢንኩቤተሩ ላይ ቢለጠፍ ጠይቂ። ከዚያ ሥዕሉ ተለጥፎ ፎቶ አንስተሽ አምጪላት። ለእሷ ማስረጃ እሱ ነው። እኔ የመኪና አሻንጉሊቴን እናቴ ቦርሳ ውስጥ ደብቄ ልኬለት ነበር። ማንም አላገኘውም መሰለኝ፣ ቦርሳው ውስጥ ተመልሶ መጣ። አልፈለገውም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ።


አያት_ነኝ (ረቡዕ፣ ቀን 11፡40)

ልጆቼ፣ እኔ የልጅ ልጄ ሆስፒታል 61 ቀን ስትቆይ ቤት የጠበቅኩ ነኝ። የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በየቀኑ እየደወልኩ «ስንት ኪሎ ሆነች?» እል ነበር። የልጄ ሚስት ስልክ ማንሳት አቆመች። ተቀየምኳት። ኋላ ልጄ «እማዬ፣ የቀነሰች ቀን ምን ብላ ትመልስልሽ?» አለኝ። አፈርኩ።

ከዚያ ሥራ ተከፋፈልን። ልጄ ማታ ማታ አንድ መልእክት ይልክልኛል፣ ለእኔ ብቻ። ዘመድ ሁሉ ወደ እኔ ይደውላል። አንዳንድ ቀን 14 ሰው ነው። «ደህና ናት፣ ስትወጣ እንነግራችኋለን» እላለሁ፣ አሥራ አራት ጊዜ። እነሱ በሰላም ይተኛሉ። ከጸሎቴ ቀጥሎ የረዳኋቸው በዚህ ነው።

ሌላው፣ «ዕቃ አንስተሽ ነበር? ደክሞሽ ነበር? ምን በልተሽ ነበር?» የሚል ሰው ካለ በር ላይ መልሱልኝ። ሐኪሙን እኔ ራሴ ጠይቄዋለሁ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም ነው ያለኝ። እናትየዋ ራሷን የምትወቅሰው ይበቃታል።

የሁለት እናት ሆይ፣ እናትሽንም አትቆጫት። እሷም ልጇ ተጨንቃባት ነው፤ ልጇ አንቺ ነሽ።


የ27_ሳምንት_እናት (ረቡዕ፣ ማታ 2፡10)

እማማ፣ እግዜር ይስጥልን። እርስዎን የመሰለ ስልክ የሚይዝልኝ ቢኖር ኖሮ።


አዲስ_ገቢ (ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00)

ውይይታችሁን ስላቋረጥኩ ይቅርታ። መንታዎች በ33 ሳምንት። አንዷ ነገ ትወጣለች፣ አንዱ ገና ነው። የወጣችውን ይዤ መግባት አይፈቀድም ተባልኩ። ምን ይሻላል?


የሌሊት_ተረኛ (ሐሙስ፣ ቀን 9፡30)

ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው፣ አላቀልልሽም። ከመውጣቷ በፊት ዛሬውኑ ተረኛውን ሐኪም ሁለቱንም አብሮ ማቆየት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። አንዳንድ ቦታ እናት የምታድርበት ክፍል አለ። ካልተቻለ አንቺና አባታቸው ተቀያየሩ። አንቺ ሁሌ ከወጣችው ጋር ሆነሽ እሱ ሁሌ ሆስፒታል እንዳይሆን። ቤት የምትታለበው ወተት ቀዝቅዛ መምጣት አለባት፤ ማሸጊያውን፣ ቀንና ሰዓቱን እንዴት እንደሚጻፍ ክፍሉን ጠይቂ።


የሁለት_እናት (ሰኞ፣ ሌሊት 10፡05)

19ኛ ቀን። ሆዱ ተነፋ። መመገብ አቆሙ። ደም ወሰዱ፣ አንቲባዮቲክ ጀመሩ። ካንጋሮ ገና 4 ጊዜ አድርገን ነበር። ባሌ ኮሪደር ላይ መሬት ተቀምጧል። ሌላ የምጽፈው የለኝም።


መልካም_ቀን (ሰኞ፣ ሌሊት 10፡30)

አይዞሽ፣ ሁሉም ለበጎ ነው።


የሁለት_እናት (ሰኞ፣ ሌሊት 10፡34)

እባክህ ይህን አትበለኝ።


የሌሊት_ተረኛ (ሰኞ፣ ሌሊት 10፡50)

ተረኛ ነኝ፣ በእረፍቴ ነው የምጽፈው። የእሱን ጉዳይ እዚያ ያሉት ናቸው የሚያውቁት፤ እኔ ከዚህ ሆኜ አልገምትም። ምግብ ማቆም አንጀቱን ለማሳረፍ ነው፣ ሲጠረጠር ቶሎ ነው የሚደረገው። አንቺ ማለብሽን አታቁሚ። አሁን ባይወስደውም በፍሪዘር ይቀመጣል፣ ሲጀምር የመጀመሪያው ምግቡ ያ ነው። ጠዋት ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ምን እየጠበቃችሁ ነው? መቼ ነው እንደገና የምታዩት? መልሱን ጻፊው። በእንቅልፍ እጦት የተሰማ ነገር አይያዝም።


ስም_የለኝም (ሰኞ፣ ጠዋት 12፡15)

የእኔ ከዚያ ክፍል አልወጣም። 16 ቀን ነበር። ለማስፈራራት አይደለም የምጽፈው፣ የአንቺ የተለየ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ፎቶ አንሺ። ቱቦ ሞልቶበታል፣ ሲያምርበት አነሳዋለሁ ብዬ ያለፍኩት ቀን ብዙ ነው።


ቆራጥ (ሰኞ፣ ጠዋት 2፡40)

ባለፈው የጻፍኩት ሻካራ ነበር። ይቅርታ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ልንገራችሁ። የእኛ በ31 ሳምንት ነው የተወለደው። የዓመት ፈቃዴን በሙሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጨረስኩት፤ ኢንኩቤተር ዙሪያ ስዞር። በ40ኛው ቀን ቤት ሲገባ ፈቃድ የለኝም። ሚስቴ ብቻዋን ቀረች፣ በየ3 ሰዓቱ እየመገበች፣ መድኃኒት እየሰጠች፣ ሌሊት ትንፋሹን እየቆጠረች። የከፋው ጊዜ ሆስፒታሉ አልነበረም፣ ቤት የገባንበት ነው። ስለዚህ ለአባቶች፦ ፈቃዳችሁን አታፍሱት። ማታ ማታ ሂዱ፣ ጥቂት ቀን ለመውጫው አስቀምጡ። አለቃችሁን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ደግሞ መሬት የተቀመጠውን ባልሽን ሰው ያነጋግረው። እኔን ማንም አላነጋገረኝም።


ዝምተኛው_አባት (ሰኞ፣ ጠዋት 3፡10)

ወንድሜ ቆራጥ፣ አሁን ተግባባን። እህቴ፣ ባልሽ ከፈለገ በግል መልእክት ይጻፍልኝ። ማውራት ካልፈለገም ዝም ብለን እንጻጻፋለን።


የሁለት_እናት (ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ሌሊት 8፡30)

34ኛ ቀን። 1,480 ግራም። ጠፍቼ ነበር።

ኢንፌክሽን ነበር፤ ሆዱ በ3ኛው ቀን ተመለሰ። በ6ኛው ቀን 1 ሚሊ ሊትር ወተት ሰጡት፣ ከዚያ 2። ትንሽ ትንሽ እያሉ። ያን ፍሪዘር ውስጥ የቆየ ወተት ሲያወጡት የጻፍኩበትን ቀን አየሁ፤ የተጣላንበት ቀን ነው። ሲፓፑ ከትናንት ወዲያ ወለቀ። ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን አየነው። አፍንጫው የአባቱ ነው፤ ባሌ «ምስኪን» አለ።

ባሌ አሁን የካንጋሮ ሰው ሆኗል። ማታ ሸሚዙን ይፈታል፣ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፣ ስክሪኑን በጀርባው አድርጎ። ነርሶቹ «አባ ካንጋሮ» ብለውታል።

ልጄን ደግሞ እንዳልሽኝ አደረግኩ፣ ታላቅ እህት። «ያንቺ ጥፋት አይደለም» ስላት «አውቃለሁ» አለች። ትንሽ ቆይታ «የአያቴስ?» አለች። እናቴ ላይ ጠርጥራ ነበር! ሥዕሏ ተለጥፏል። አራት ሰው አለ። ሕፃኑን ከሁላችን አስበልጣ ነው የሳለችው።

ጡት መሞከር ጀምረናል። ሁለቴ ይስባል፣ ይተኛል። መቼ ነው የሚበረታ? ለመውጣትስ ምን ይፈልጋሉ? 2 ኪሎ ነው የሚሉ አሉ።


የ27_ሳምንት_እናት (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡00)

እልል!

መሳብ፣ መዋጥና መተንፈስ ሦስቱን ማቀናጀት ከ32 እስከ 34 ሳምንት አካባቢ ነው የሚጀምራቸው። የእናንተ ገና አሁን ደረሰ። ሁለቴ ስቦ መተኛት ሥራ ነው፣ አትቸኩይበት።

ኪሎው ብቻውን አያስወጣም። የእኛ ሐኪም የሚያየው አራት ነገር ነበር፦ ከኢንኩቤተር ውጭ ሙቀቱን መጠበቁ፣ በአፉ በልቶ መጥገቡ፣ ክብደት መጨመሩ፣ ለጥቂት ቀናት ትንፋሽ ሳያቋርጥ መቆየቱ። የመጨረሻው ላይ እኛ ሁለት ጊዜ ወድቀናል። ሻንጣ አስሬ ፈትቻለሁ።

የዓይን ምርመራውን አትርሺ። በጣም ቀድመው የተወለዱ ልጆች ዓይናቸው ውስጥ ያለው የደም ሥር በትክክል ላያድግ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ከተወለዱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ነው የሚታየው። ካልነገሩሽ ጠይቂ። ምርመራው ራሱ ለማየት ይከብዳል፤ እኔ ወጣሁ፣ ባሌ ያዘው።


የሌሊት_ተረኛ (ማክሰኞ፣ ቀን 8፡15)

አንድ የምትሳሳቱበት ነገር አለ። እኛ ጋ በሆዱ ተኝቶ ታዩታላችሁ። ያ ሞኒተር ስላለው ነው። ቤት ሁሌ በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ፣ ትራስና የላላ ብርድ ልብስ ሳይኖር። ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው ካለ ውጭ ይሁን። የሚያስነጥስ ጠያቂ ለጊዜው በስልክ ይጠይቅ፤ እዚህ ላይ ጠያቂ የሚለው ቃል ቦታውን አገኘ።

ክትባቱ ከተወለደበት ቀን ነው የሚቆጠረው፣ መወለድ ከነበረበት ቀን አይደለም። ዕድገቱን ስታዩ ግን እስከ 2 ዓመት ድረስ የቀደመበትን ሳምንት ቀንሱለት። 11 ሳምንት ቀድሟል። በ6 ወሩ የ6 ወር ልጅ ሥራ አትጠብቁበት።


የ27_ሳምንት_እናት (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡45)

ታክሲ ውስጥ «ስንት ወሩ ነው?» ሲሉሽ የቱን እንደምትናገሪ ግራ ይገባሻል። «5 ወሩ» ካልሽ «ምነው ትንሽ?» ይሉሻል። እኔ ኋላ ላይ እንደ ሰዉ ፊት መናገር ጀመርኩ። ደስ ካለኝ እውነቱን፣ ከደከመኝ የተቀነሰውን።


የሁለት_እናት (ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ሌሊት 8፡40)

52ኛ ቀን። 2,050 ግራም። ቤት ነን።

ዛሬ ከሰዓት ነው የወጣነው። ሥዕሉን ነርሷ በጥንቃቄ ላጠችልን። ልጄ በር ላይ እጇን ሁለት ጊዜ ታጥባ ጠበቀችን፤ እናቴ አሠልጥናታለች። ብዙ ካየችው በኋላ «ቱቦውስ?» አለች። ወለቀ አልናት። ትንሽ ከፋት፤ አሻንጉሊቷ ቱቦ ስላላት አንድ ዓይነት የሚሆኑ መስሏት ነበር። ማታ የአሻንጉሊቷን ክር ራሷ ፈታችው።

ባሌ ያስቀመጠው 8 ቀን ፈቃድ አለ። ቆራጥ፣ አንተን «አመስግኝልኝ» ብሏል።

ቤቱ በጣም ጸጥ ብሏል። የሚጮህ ነገር የለም። ባሌ መብራቱን ቀንሶ አልጋው አጠገብ ተቀምጧል፣ አንዱን መዳፍ ጭንቅላቱ ላይ፣ አንዱን እግሮቹ ላይ። ተኛ ብለው እምቢ አለኝ። በ10 ሰዓት እቀይረዋለሁ።